ዱቤን ቀድሞ መክፈል ሥራ ያመጣል

ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ አካባቢ የፊኒሺንግ (የቤት ማጠናቀቂያ) ሥራ ለምትሠሩ ልጆች አንዲት ነገር ልንገራችሁ። ከሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ሲሚንቶ ወይም ሴራሚክ በዱቤ ከወሰዳችሁ፣ ከቀጠሮው አንድ ቀን ቀድማችሁ ክፈሉ። ካልሞላላችሁም ቀኑ ሳይደርስ ደውሉ። ስልክ አጥፍቶ መጥፋት ግን በጣም ይጎዳል፤ ወሬው ሰፈሩን ለማዳረስ አንድ ቀን አይፈጅበትም። ባለሱቁ አንዴ እምነት ከጣለባችሁ ያለ ወለድ፣ ያለ መያዣ ዕቃ ይሰጣችኋል። ደግሞ የኮንዶሚኒየም ቁልፍ የተረከበ ሰው «ጎበዝ ሴራሚክ ሠራተኛ ታውቃለህ?» ብሎ የሚጠይቀው እሱን ነው። ያኔ የእናንተን ስልክ ይሰጣል። እኔ ካለፈው ክረምት ወዲህ የሠራኋቸው ቤቶች አብዛኞቹ በዚህ መንገድ የመጡ ናቸው። ከኤሌክትሪሺያኑና ከቧንቧ ሠራተኛውም ጋር ሥራ ተቀባበሉ። ኮሚሽን አትጠይቋቸው፤ ነገ እነሱም ይጠሯችኋል።