ረጅም ጉርድ አሳምሮ ለመልበስ፦ ከጫማ ተነስቶ ወደ ወገብ

«አጭር ሴት ረጅም ጉርድ አያምርባትም» ይባላል። ግን 1 ሜትር ከ55 የሆነች ሴት እስከ ቁርጭምጭሚት በሚወርድ ጉርድ መለሎ ስትመስል፣ 1 ሜትር ከ70 የሆነችው በዚያው ዓይነት ጉርድ አጥራ ስትታይ ማየት የተለመደ ነው። ቁመት የሚሰረቀው ሁለት ቦታ ላይ ነው፦ ጫፉ እግር ላይ በሚያርፍበትና ወገቡ በሚታሰርበት። አብዛኛው ሰው ሸሚዝ መርጦ፣ ጉርድ አጣምሮ፣ በር ላይ ያገኘውን ጫማ አጥልቆ ይወጣል። ቅደም ተከተሉን ገልብጪው።

1. ጫማውን አስቀድሚ

ከጉርዱ ጋር አዘውትረሽ የምታደርጊውን ጫማ አውጪ። አንድ ጉርድ ለነጠላ ጫማም ለ8 ሴንቲ ሜትር ታኮም እኩል አይሆንም። ለሁለቱም እንዲሆን ተብሎ መሃል ላይ የተቆረጠ ጉርድ በአንዱ ያጥራል፣ በሌላው ይጎተታል። አፍንጫው ሾል ያለና የእግርን ጀርባ የሚያሳይ ጫማ እግር ያረዝማል፤ ቁርጭምጭሚት ላይ የሚታሰረው ግን እዚያው ይቆርጠዋል። ወፍራም ስኒከር ቁርጭምጭሚት ከሚያሳይ ጉርድ ጋር ጥሩ ነው። መሬት ሊነካ ከደረሰ ጉርድ ጋር ግን የጫማው አፍንጫ ብቻ ብቅ ጥልቅ ስለሚል አይመከርም።

2. ርዝመቱን ወስኚ

ሥራው ያለው እዚህ ነው። ጫማሽን አድርገሽ መስታወት ፊት ቁሚና እግርሽን ተመልከቺ። ከጉልበት በታች ሁለት ቀጫጭን ቦታዎች አሉ፤ አንዱ ከጉልበት ሥር ባት ሳይጀምር፣ ሌላው ከቁርጭምጭሚት አጥንት በላይ። ጫፉ ባት በጣም በሚወፍርበት ላይ ካረፈ፣ የሚያይሽ ሰው የተሸፈነውንም እግር በዚያው ልክ ይገምተዋል። ርዝመቱ «መካከለኛ» ተብሎ የሚሸጠው ጉርድ ብዙ ጊዜ የሚያርፈው እዚሁ ላይ ነው።

ለረጅም ጉርድ የሚያዋጡት ርዝመቶች ሁለት ናቸው። አንደኛው ከቁርጭምጭሚት አጥንት ከ4 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለው ነው። ሁለተኛው ጫማ ተደርጎ ከመሬት 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ የሚለው ነው። መሬት የሚጠርግ ጉርድ ለአዳራሽ ምንጣፍ ይሁን፤ በአዲስ አበባ ክረምት ውሃው ከጫፉ ተነስቶ ጨርቁን እየተከተለ ወደ ላይ ይወጣል። ጭቃውም ከነክሩ ይቀራል።

አሁን ወደ ልኬቱ። ብዙ ልብስ ሰፊ ሜትሩን ከወገብ ወደ ታች ይለቅና ዙሪያውን በአንድ ቁጥር ይቆርጣል። ጠረጴዛ ላይ ትክክል ይመስላል፣ ሲለበስ ግን ዳሌና መቀመጫ ጨርቅ ስለሚበሉ ከኋላ ከፍ ይላል፤ ቦርጭ ካለም ከፊት። ስለዚህ ልኬቱ ከመሬት ወደ ላይ ይወሰድ። አንድ ሰው ማስመሪያ መሬት ላይ አቁሞ፣ ለምሳሌ 10 ሴንቲ ሜትር ላይ፣ በየ8 ወይም በየ10 ሴንቲ ሜትሩ ዙሪያውን በጠመኔ ምልክት ያድርግ ወይም በስፒል ይያዝ። ዟሪው ለኪው ነው፤ አንቺ ቀጥ ብለሽ ወደ ፊት ተመልከቺ። «የት ደረሰ?» ብለሽ ባጎነበስሽ ቁጥር የፊቱ ጫፍ ይወርድና የኋላው ይነሳል፤ የተዛነፈ ጉርድ ብዙ ጊዜ የሚወለደው ከዚህች ማጎንበስ ነው።

ከመቁረጥ በፊት ጨርቁን ጠይቂው። ያልታጠበ ጥጥ ከ3 እስከ 5 ከመቶ ሊሰበሰብ ይችላል፤ በ95 ሴንቲ ሜትር ጉርድ ላይ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ማለት ነው። መጀመሪያ ይታጠብ። ክሎሽ የሚባለው ዙሪያው ሰፊ ጉርድ ደግሞ በተቃራኒው ይረዝማል። ክብ ስለተቆረጠ አንዳንድ ቦታ ክሩ በሰያፍ ይወርዳል፣ በራሱም ክብደት ይለጠጣል። ከወገቡ ተሰቅሎ አንድ ቀንና ሌሊት ሳያድር ከተቆረጠ፣ በሁለተኛው ሳምንት ጎንና ጎኑ ተንጠልጥሎ ይገኛል። ለእጥፋቱ ቀጥ ላለ ጉርድ ከ3 እስከ 4፣ ለክሎሽ ከ1 እስከ 1 ተኩል ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ክሎሽ ላይ ሰፊ እጥፋት ከተደረገ የሚታጠፈው ጠርዝ ከሚያርፍበት ስለሚሰፋ ይኮማተራል፤ ካውያም አያስተካክለውም።

ልብስ ሰፊውን «መጀመሪያ ጫፉን ሰፋ ሰፋ ባለ የእጅ ስፌት ያዝልኝና ለብሼ ልየው» በዪው። ቢያጉረመርምም ያደርገዋል። ጥለት ወይም ዳንቴል ያለበት ጫፍ ግን ፈጽሞ ከታች አይቆረጥም፤ ወገቡ ተፈትቶ ከላይ ይጠር። ዋጋው ከፍ ቢልም ጥለቱ ሲቆረጥ የጉርዱ ውበት አብሮ ይሄዳል።

3. ወገቡን አንሺ

ወደ ጎን ዘንበል በዪ፤ ሰውነትሽ የሚታጠፍበት ቦታ ወገብሽ ነው። ጉርዱ እዚያ ይታሰር እንጂ ዳሌ አጥንት ላይ አይንጠልጠል። ልኩን በሲሶ አስቢው፤ ከትከሻ እስከ ጉርዱ ጫፍ ያለው ቁመት ሲሶው ለላይኛው ልብስ፣ ሁለት እጁ ለጉርዱ። ከትከሻ እስከ ጫፍ 117 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ወገቡ 39 ላይ ይውላል ማለት ነው። እኩል ለእኩል ሲካፈሉ ነው ሰው ሳጥን የሚመስለው። ከደረት እስከ ወገብሽ ያለው ቦታ አጭር ከሆነ ግን ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ዝቅ አድርጊውና ላይኛውን ከጉርዱ ጋር በተቀራራቢ ቀለም ልበሺ።

1 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቀጭን ላስቲክ ይጠቀለላል፣ ቀስ በቀስም ይወርዳል፤ ጠዋት የተስተካከለው ጫፍ ከሰዓት መሬት ይጠርጋል። ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ላስቲክ ይዞ ይቆያል። ከሁሉም የሚሻለው ፊቱ ልሙጥ ሆኖ ከኋላ ብቻ ላስቲክ ያለው ነው። የረዘመ ጉርድን ወገቡ ላይ ጠቅልሎ ማሳጠር የሚያጓጓ አቋራጭ ነው፤ ትርፉ ግን ሆድ ላይ ጉብታ መጨመር ነው። ሽንሽን ከወደድሽ፣ ሽንሽኑ ከወገብ ጀምሮ ከ12 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች የተሰፋውን ፈልጊ፤ ዳሌ ላይ ሳይከፈት ከዚያ በታች ይፈስሳል። የተጎለጎለ የጎን ኪስም ዳሌ ስለሚያሰፋ አፉን በስፌት አዘጊው።

4. ላይኛው ልብስ

ሰፊ ጉርድ ከሆነ ላዩ ጠበብ፣ ቀጥ ያለ ከሆነ ላዩ ላላ ይበል። ቦዲና ቲሸርት ከነሙሉው ይከተታል። ሸሚዝ ሲሆን ሙሉውን ከትተሽ ሁለቱን የጎን ስፌቶች ቆንጥጠሽ ትርፉን ወደ ኋላ እጠፊና ጉርዱን ከላዩ አስተካክዪ። ከዚያ እጅሽን አንድ ጊዜ ወደ ላይ አንሺ፤ የሚያስፈልገው ያህል ይወጣል።

ወፍራም ሹራብ መክተት ሆድ ይጨምራል። ይልቅ ቀጭን ቀበቶ በሹራቡ ላይ ወገብሽ ጋ እሰሪ፣ ከቀበቶው በታች የቀረውን ሹራብ ወደ ላይ እጠፊና በቀበቶው ሥር አሳልፈሽ ደብቂው። ሹራቡ ወገብ ላይ ያለቀ ይመስላል።

ሂጃብ የምትለብስ ወይም መክተት የማትፈልግ ሴት እስከ ዳሌ የሚደርስ ሰፊ ሸሚዝ ትተው፤ በሰፊው ቦታ ላይ መስመር ያሰምራል። ከፊት ክፍት የሆነ፣ እስከ ጉልበት የሚወርድና ከጉርዱ ጋር አንድ ቀለም ያለው ካፖርት ወይም ረጅም ጃኬት ቁመቱን ሳይቆርጥ ይሸፍናል። ለቤተ ክርስቲያን ነጠላ ስትጨምሪም ትከሻ ላይ ስለሚከብድ ከሥሩ የተከተተና ያልበዛ ልብስ ይሁን።

5. ከመውጣትሽ በፊት

ፖሊስተር በደረቅ አየር እግር ላይ ይጣበቃል፣ ሲራመዱም በጉልበት መሃል ይገባል። ገበር ከሌለው ከሥሩ የጥጥ የውስጥ ጉርድ ልበሺ፤ ርዝመቱ ከላዩ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጠር። ነጭና ስስ ጨርቅን መስኮት አጠገብ ቆመሽ፣ ብርሃኑን ከኋላሽ አድርገሽ አስመልክቺው፤ የቤት መስታወት ያታልላል።

ስልክሽን ከወገብ ከፍታ ላይ፣ ከ2 እስከ 3 ሜትር ርቀት አስቀምጠሽ ከፊትም ከጎንም ፎቶ አንሺ። ከዓይን ከፍታ ተይዞ ወደ ታች የተነሳ ፎቶ እግርን ስለሚያሳጥር ደህናውን ጉርድ ያስጥልሻል።

በመጨረሻም ሚኒባስ እንደምትሳፈሪ ሁሉ አንድ እግርሽን ወንበር ላይ አንሺ። ቀጥ ያለ ጉርድ ጉልበት ላይ ከያዘሽ የአንዱ ጎን ስፌት ከጫፉ ተነስቶ እስከ ጉልበት ይከፈት። የመክፈቻው ጫፍ ከውስጥ በትንሽ ቁራጭ ጨርቅ ተደግፎ ደጋግሞ ይሰፋ፤ አለበለዚያ በመጀመሪያው ታክሲ እስከ ጭን ይቀደዳል።