18-55 የተባለ ሁሉ አንድ አይደለም፦ የኒኮን ሌንስ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ከኒኮን ካሜራ ጋር አብሮ ሲሸጥ የቆየው 18-55 ሌንስ ከ2005 ጀምሮ ደጋግሞ ተቀይሯል። ቁጥሩ ግን ያው ነው፤ ሁሉም ላይ የዙሙ ክልል 18-55፣ ሁሉም ላይ የብርሃን መግቢያው ከ3.5 እስከ 5.6 ተጽፏል። ያገለገለ ሌንስ የሚገዛ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሻጩ «18-55 ነው» ሲል አልዋሸም፤ ገዢው ቤቱ ሲገባ ግን ካሜራው እሺ አይለውም። ብዙ ጊዜ የተበላሸ ነገር የለም። ስለዚህ ወደ ጥገና ከመሮጥ በፊት ሌንሱ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ይገባል።

ፎከስ አያደርግም፤ በእጅም አልሆነም

አንዲት ሠርግ የምታነሳ ጓደኛዬ አዲስ የገዛችውን ሌንስ ዲ3200 ካሜራዋ ላይ ገጥማ መጣች። የማንሻውን ቁልፍ ግማሽ ድረስ ስትጫነው ዝም ይላል። ቀለበቱን በጣቷ ስታዞረው ማቆሚያ ሳይኖረው ይዞራል፣ ይዞራል፤ በመመልከቻው ውስጥ የሚታየው ብዥ ያለ ምስል ግን ቅንጣት አይለወጥም። «ሞተሩ ተቃጥሏል» ተብላ ለጥገና ልትከፍል ነበር። የሌንሱ አንገት ላይ ያለውን ጽሑፍ ሳነበው ኤኤፍ-ፒ (AF-P) ይላል።

ምክንያቱ ይህ ነው። በ2016 የመጣው ኤኤፍ-ፒ የሚሠራው በስቴፒንግ ሞተር፣ ማለትም በትእዛዝ ደረጃ በደረጃ በሚዞር ሞተር ነው። በቀድሞዎቹ ኤኤፍ-ኤስ (AF-S) ሌንሶች ቀለበቱ መስታወቱን በቀጥታ ያንቀሳቅሰዋል፤ በኤኤፍ-ፒ ግን ቀለበቱ መልእክት ብቻ ይልካል፣ መስታወቱን የሚያንቀሳቅሰው ሞተሩ ነው። ካሜራው ይህን ሞተር ማዘዝ ካልቻለ በእጅ ማስተካከልም አብሮ ይቀራል።

ዲ90፣ ዲ3100፣ ዲ3200፣ ዲ5100 እና ዲ7000 ይህን ሌንስ አይቀበሉም፤ መፍትሄው ሌንሱን በኤኤፍ-ኤስ መቀየር ብቻ ነው። ዲ3300፣ ዲ5300 እና ዲ5500 ላይ ግን የካሜራውን ፈርምዌር፣ ማለትም የውስጥ ሶፍትዌሩን፣ ማደስ ይበቃል። ፋይሉን ከኒኮን ድረ ገጽ አውርደው በካርድ ይጫኑት፤ ባትሪው ሙሉ ይሁን፣ ሥራው እስኪያልቅም ካሜራውን አያጥፉ። በዲ7100 እና በዲ7200 ሌንሱ ይሠራል፤ ነገር ግን የእጅ መንቀጥቀጥን የሚያረጋጋውን ቪአር ማጥፋት አይቻልም፣ ካሜራው ሲያሸልብም ፎከሱ ከቦታው ይሸሻል። ሲነቃ ቁልፉን ግማሽ ተጭነው እንደገና ያስተካክሉ።

ጽሑፉ ተፍቆ ከሆነ ጎኑን በአውራ ጣትዎ ይዳብሱት። የ2014ቱ ኤኤፍ-ኤስ ቪአር 2 እና ኤኤፍ-ፒ መንትያ ይመስላሉ፤ ሁለቱም ሌንሱን ወደ ውስጥ የሚያጥፍ ቁልፍ አላቸው። ቪአር 2 ግን ከዚህ ሌላ ሁለት ማብሪያ ማጥፊያዎች አሉት፤ አንዱ ለፎከስ፣ አንዱ ለቪአር። ኤኤፍ-ፒ አንድም የለውም፤ ሁሉም በካሜራው ሜኑ ውስጥ ነው። እኔ የምተማመንበት መለያ ይህ ነው።

«ሁለተኛው ነው» ተብሎ ተገዛ፤ ፎቶው ግን ይንቀጠቀጣል

«2» (ሌንሱ ላይ II) የሚለው ምልክት በሁለት የተለያዩ ሌንሶች ላይ ስላለ ነው። የ2006ቱ ኢዲ 2 ቪአር የለውም፤ የ2014ቱ ቪአር 2 አለው። ኤኤፍ-ፒም ቪአር ያለውና የሌለው ተብሎ በሁለት ዓይነት ወጥቷል። የሚፈልጉት «ቪአር» (VR) የሚሉትን ሁለት የላቲን ፊደላት ነው እንጂ ቁጥሩን አይደለም። ለማረጋገጥ ሌንሱን 55 ላይ አድርገው በመመልከቻው እያዩ ቁልፉን ግማሽ ይጫኑ። ቪአር ካለውና ከበራ ቀጭን ድምፅ ይሰማል፤ ሲወዛወዝ የነበረው ምስልም ረጋ ይላል። የ2007ቱ የመጀመሪያው ቪአር የማጠፊያ ቁልፍ የለውም፤ በእጅም ከበድ ይላል፣ 265 ግራም ነው። ቪአር 2 ወደ 195 ግራም ወርዷል።

አላነሳም ይላል

የሚታጠፍ ሌንስ ታጥፎ ከቀረ ካሜራው ፎቶ አያነሳም። የጎኑን ቁልፍ ተጭነው የዙሙን ቀለበት ምልክቱ 18 ላይ እስኪደርስ ያዙሩት። ይህን ባለማወቅ ሌንስ በጉልበት የሚጎትቱ ሰዎች አሉ፤ እባክዎ አይጎትቱ፣ ውስጡ ያለው ፕላስቲክ ስስ ነው።

ክዳኑ ወይም ፊልተሩ አልገጥም አለ

ክዳንና ፊልተር የሚገጠምበት የፊት ስፋት በኤኤፍ-ኤሶቹ 52 ሚሊሜትር ነው፣ በኤኤፍ-ፒ 55 ሚሊሜትር። አሮጌውን ክዳን ለአዲሱ አያስቀምጡ።

ነጸብራቅ የሚቀንሰውንና እየተዞረ የሚስተካከለውን ፖላራይዘር ፊልተር የሚጠቀም ሰው ሌላም ነገር ይገጥመዋል። በ2005፣ በ2006 እና በ2007ቱ ሌንሶች የፊቱ ክፍል በፎከስ ጊዜ አብሮ ስለሚዞር ያስተካከሉት ፊልተር ይበላሻል። መጀመሪያ ፎከስ ያድርጉ፣ ማብሪያ ማጥፊያውን ወደ በእጅ ይቀይሩት፣ ከዚያ ፊልተሩን ያዙሩ። በኤኤፍ-ፒ የፊቱ ክፍል ስለማይዞር ይህ ሁሉ አያስፈልግም።