የትርፍ ጊዜ አናጢዎችን ማገናኘት፦ ከመሮ መሳል እስከ ወለል መጥረግ

እንጨት ሥራን በትርፍ ጊዜው የያዘ ሰው አብዛኛውን ነገር ለብቻው ነው የሚማረው። መሮውን እንዴት እንደያዘ፣ መጋዙን ሲገፋ ክርኑ ወዴት እንደሚሸሽ አይቶ የሚነግረው የለም። ቪዲዮ ያሳያል እንጂ አያይም። በአካል መገናኘት ዋጋው እዚህ ላይ ስለሆነ፣ የመጣው ሰው ሁሉ እጁን እንጨት ላይ የሚያሳርፍበት አንድ ትንሽ ሥራ አዘጋጁ። ጨዋታው በራሱ ጊዜ ይመጣል፤ እጅ ሥራ ሲይዝ ዓይን አፋሩም ይናገራል።

ቦታና ሰው

ለመጀመሪያው ቀን ከ6 እስከ 8 ሰው ይበቃል። ከዚያ በላይ ሲሆን ተራ መጠበቅ ይጀመራል፣ ተራ የሚጠብቅ ሰው ደግሞ ስልኩን ያወጣል። 3 ሰዓት መድቡ፦ ግማሽ ሰዓት ለትውውቅና የሠሩትን ለማሳየት፣ 2 ሰዓት ለሥራ፣ የቀረው ለጽዳት።

ጠረጴዛው አይነቃነቅ፤ ከሌላው ሁሉ ይህ ይቅደም። ጠረጴዛ ሲወዛወዝ የእጅን ግፊት ይበላል፣ መጋዙም መስመር ይስታል፤ ጀማሪው ግን ጥፋቱ የራሱ ይመስለዋል። ከግድግዳ ጋር አስጠጉት፣ ታችኛው መደርደሪያ ላይም ከባድ ነገር ጫኑ። ከፍታው ሰው ቆሞ እጁን ወደ ታች ሲለቅ ከእጅ አንጓው ጋር ቢስተካከል ለመላጊያ ይመቻል፤ ለአብዛኛው ሰው ከ80 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር ነው። ሞርሳ (ጠረጴዛው ላይ የሚታሰር የእንጨት መያዣ) ባይኖር ለእያንዳንዱ ሰው 2 ሞርሴቶ (እንጨቱን ከጠረጴዛው ጋር አጥብቆ የሚይዝ ተንቀሳቃሽ ማጥበቂያ) ይበቃል።

የየሰው መሣሪያ እንዳይቀላቀል ሁሉም እጀታው ላይ የየራሱን ቀለም ፕላስተር ይጠቅልል።

መጀመሪያ መሳል

አብዛኛው ጀማሪ በደንብ የተሳለ መሮ ይዞ አያውቅም። ስለዚህ የመጀመሪያውን ቀን በመሳል ጀምሩ። ለ8 ሰው ሁለት ስብስብ መሳያ ድንጋይ ያስፈልጋል፤ እያንዳንዱ ስብስብ ባለ 1000፣ ባለ 4000 እና ባለ 8000 ይሁን (ቁጥሩ ሲጨምር ድንጋዩ ይልማል)። የውሃ ድንጋይ ከሆነ ባለ 1000ው አስቀድሞ ውሃ ውስጥ ይቆይ፣ አረፋ መትፋቱን ሲያቆም ጠግቧል። ዘይት የለመደ ድንጋይ ላይ ግን ውሃ አታድርጉ።

የመሮው ጀርባ ይቀድማል። ከስለቱ ጫፍ 2 ሴንቲ ሜትር ያህሉ ድንጋዩ ላይ ሙሉ በሙሉ ተኝቶ ይፈተግ፣ የፋብሪካው ጭረት ጠፍቶ ወጥ ሆኖ እስኪያብረቀርቅ ድረስ። አዲስ መሮ ላይ ይህ ብቻውን ግማሽ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ወረፋው የሚረዝመው እዚህ ስለሆነ፣ ጀርባቸው የተስተካከለ 2 ወይም 3 መሮዎች አስቀድማችሁ አዘጋጁ።

ከዚያ ወደ ተዳፋቱ ፊት፣ ማለትም ከጀርባው በተቃራኒ ዘንበል ብሎ ወደተሞረደው ጎን፣ ይኬዳል። ብዙ መሮ በ25 ዲግሪ ተሞርዶ ይመጣል፤ ጫፉን ብቻ ወደ 30 ዲግሪ ከፍ አድርጎ መሳል ጊዜ ያተርፋል፣ ስለቱንም ያጠነክራል። ጀማሪው ማዕዘኑን መያዙን በዓይኑ እንዲያይ ተዳፋቱን በማርከር አስቀቡት። ሁለት ሦስት ጊዜ ከሳበ በኋላ ቀለሙ ከጫፉ ላይ ከለቀቀ ልክ ነው፤ ከላይኛው ተረከዝ (ከጫፉ ከራቀው የተዳፋቱ ጠርዝ) ብቻ ከለቀቀ እጁን ዝቅ አድርጓል፣ ከአንድ ጎን ብቻ ከለቀቀ ደግሞ አጋድሏል። ባለ 1000ው ላይ ሥራው ማለቁን የሚናገረው በጀርባው በኩል የሚነሳው ቀጭን የብረት ክር ነው። ጣትን ከጀርባው ወደ ጫፉ አቅጣጫ ቀስ ብሎ ቢያንሸራትቱት ያዝ ያደርጋል። በስለቱ ስፋት ሁሉ መነሳት አለበት። ክሩ ሳይነሳ ወደ ባለ 4000 መዝለል የተለመደ ስህተት ነው፤ መሮው ያብረቀርቃል፣ ግን አይቆርጥም።

ፈተናው ለስላሳ እንጨት ላይ ነው፣ የጅማቱን ጫፍ በሚያሳየው በተቆረጠው በኩል። የተሳለ መሮ አብረቅራቂ ፊት ትቶ ያልፋል፤ የዶለዶመው ጅማቱን ጨፍልቆ ነጣ ያለና የሻከረ ፊት ይተዋል። ሁለቱን ጎን ለጎን አሳዩ። ከዚህ በኋላ ስለ መሳል ጥቅም ንግግር አያስፈልግም።

ድንጋዩ በብዙ እጅ ሲሠራበት መሐሉ ይጎደጉዳል። ላዩን በእርሳስ መስመር አስምራችሁ፣ መስታወት ላይ በተዘረጋ ባለ 220 የውሃ ብርጭቆ ወረቀት ፈትጉት፤ መስመሩ ከሁሉም ቦታ ሲጠፋ ተስተካክሏል።

ቀጥሎ አንድ መጋጠሚያ

ግማሽ በግማሽ የሚገባባ መስቀል፣ ማለትም ሁለት እንጨቶች ከየውፍረታቸው ግማሹ ወጥቶላቸው የሚሻገሩበት መጋጠሚያ፣ ምርጥ መጀመሪያ ነው። ልክ ማውጣት፣ መጋዝና መሮ ሦስቱም አሉበት፣ በአንድ ሰዓት ውስጥም ያልቃል። ለአንድ ሰው 40 በ20 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ 20 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም 4 ቁራጭ አዘጋጁ፤ ሁለቱ ለሙከራ፣ ሁለቱ ለዋናው። ለ8 ሰው 6.4 ሜትር መሆኑ ነው፤ ለመጋዙ ብክነትና ለአንጓ ጨምራችሁ 7.5 ሜትር ያዙ። ጅማቱ ቀጥ ያለ፣ ደረቅና ለስላሳ እንጨት ይሁን።

አንዱን እንጨት በሌላው ላይ በስኳድራ (በ90 ዲግሪ ማዕዘን መለኪያ) አስተካክለው ያስቀምጡና ስፋቱን በቀጥታ በስለት ያስምሩ። ሜትር አያስፈልግም፣ እንጨቱ ራሱ ልኩ ነው። እርሳስ ውፍረት አለው፤ የስለት መስመር ግን መሮው የሚያርፍበት ቦይ ይሆናል። ጥልቀቱ የውፍረቱ ግማሽ፣ 10 ሚሊ ሜትር ነው፤ ጥልቀት ማስመሪያውን በሁለቱም እንጨት ላይ ከላይኛው ፊት አስነስታችሁ ሳቡ። በአንዱ እንጨት ከመስመሩ በላይ ያለው ይወጣል፣ በሌላው ከመስመሩ በታች ያለው። እንዲህ ከተደረገ ማስመሪያው ከግማሹ በትንሽ ቢስትም ላይኛው ፊት እኩል ይሆናል። አንዱን ከላይ፣ ሌላውን ከታች ያስመረ ሰው ግን ስህተቱ እጥፍ ሆኖ ይጠብቀዋል።

መጋዙ የሚያልፈው መስመሩ ላይ ሳይሆን በሚወጣው እንጨት በኩል፣ መስመሩን ታክኮ ነው። መሐል ላይ ሁለት ሦስት ተጨማሪ ቁረጦች ቢጨመሩ መሮው ሥራው ይቀልለታል። በመሮ ሲወጣ ከአንዱ ጎን እስከ መሐል፣ ከዚያ እንጨቱን አዙሮ ከሌላው ጎን እስከ መሐል። በአንድ አቅጣጫ እስከ መጨረሻው የገፋ ሰው የወዲያኛውን ጠርዝ ይሰነጥቃል፣ ይህ በየጊዜው የሚታይ ነው። በሁሉም ጊዜ ሁለቱም እጆች ከስለቱ ኋላ ይሁኑ፤ እንጨቱን ሞርሴቶ ይያዘው እንጂ ግራ እጅ አይያዘው።

ከላላ መስመሩ ተበልቷል፤ ስስ ፍቅፋቂ በኮላ ማስገባት ይቻላል፣ ግን ሁለተኛውን ጥንድ እንዲሠራ ማድረጉ ይሻላል። ከጠበቀ በመዶሻ አታስገቡት። የት እንደሚያብረቀርቅ አይታችሁ ያንን ቦታ ብቻ በመሮ ላጡ።

ማስተማር

የሚያውቀው ሰው መሣሪያውን ከጀማሪው እጅ አይውሰድ። ይህን በር ላይ እንደ ደንብ አስቀምጡት። ማሳየት ከፈለገ በራሱ እንጨት ያሳይ፣ የጀማሪው እንጨት ሲበላሽም ሲሳካም የጀማሪው ይሁን። አዲስ ሰው ሲመጣ ጎበዝ ከሚባለው ይልቅ ከታጋሹ ጋር አጣምሩት። ግራኝ ካለ የጠረጴዛውን ግራ ጫፍ ስጡት።

የሠሩትን ማሳየት ለአንድ ሰው 3 ደቂቃ ይበቃዋል። ያማረ ሥራ ብቻ ከሆነ ግን ጀማሪው በሚቀጥለው ባዶ እጁን ይመጣል፣ ወይም ይቀራል። ስለዚህ የተበላሸም ይምጣ፤ የተሰነጠቀ መሳቢያ ብዙ ጊዜ ከተዋበ ሣጥን የበለጠ ያስተምራል። ምን እንጨት ነው? የት አስቸገረ? ብላችሁ ጀምሩ፣ አስተያየት ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ማሽንና ብናኝ

ሰው በተሰበሰበበት የጠረጴዛ መጋዝ ባይነሳ እንመርጣለን። ድምፁ ጨዋታ ያቋርጣል፣ ጨዋታው ደግሞ የሠራተኛውን ሐሳብ ይሰርቃል። መቆረጥ ያለበት ሰው ከመምጣቱ በፊት ይቆረጥ። የግድ ከሆነ አንድ ሰው ብቻ ይሥራ፣ ጓንት አያድርግ፣ ረጅም ፀጉርና ሰፊ እጅጌ ይታሰር፤ ከምላጩ ትይዩም ማንም አይቁም፣ እንጨት ወደ ኋላ የሚወረወረው በዚያ መስመር ነውና። ምላጭ ሲቀየር ሶኬቱ ይነቀል። የኤሌክትሪክ ማራዘሚያ እንደተጠቀለለ ከባድ ማሽን ከተሰካበት ይግላል፤ ሙሉ በሙሉ ይፈታ።

ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የእንጨት ብናኝን በ1ኛ ምድብ፣ ማለትም በሰው ላይ ካንሰር ማምጣታቸው ከተረጋገጠው መሐል አስቀምጦታል። ብርጭቆ ወረቀት የያዘ ሰው ኤን95 ጭምብል ያድርግ፤ ሳጋቱራውም ሳይጠረግ በፊት ትንሽ ውሃ ይረጭበት።

ትርፍራፊ እንጨት መለዋወጥ የሁሉም ደስታ ነው። ቢሆንም ትናንሽ ቀዳዳ ያለውንና ሲያንኳኩት ትኩስ ዱቄት የሚያራግፈውን አታስገቡ፤ ነቀዙ በሕይወት አለ፣ ወደ ሌላው ሰው ቤት ይሄዳል።

የተልባ ዘይት ከቀባችሁ ጨርቁን ጨምድዳችሁ ቆሻሻ ውስጥ አትጣሉ። ዘይቱ ሲደርቅ ከኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ሙቀት ያወጣል፤ የተጨማደደ ጨርቅ ውስጥ ሙቀቱ መውጫ ስለሚያጣ ክብሪት ሳይነካው ይቀጣጠላል። ውጭ አንድ በአንድ ዘርጉት፣ ወይም ውሃ ባለበት ክዳን ባለው የብረት ቆርቆሮ ውስጥ ክተቱት። የዚህ ኃላፊ አንድ ስሙ የታወቀ ሰው ይሁን፤ የሁሉም ሲሆን የማንም አይሆንም።

ከመበተናችሁ በፊት የሚቀጥለውን ቀን ቁረጡ። ቋሚ ቀን፣ ለምሳሌ የወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ፣ በየጊዜው ከመደዋወል ያድናል። እንጨቱን ማን እንደሚቆርጥ፣ ድንጋዮቹን ማን እንደሚያመጣና የትኛው መጋጠሚያ እንደሚሠራም እዚያው ተነጋገሩ።