በጽሑፍ የሚመጣ ሥራ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባሕር ዳር የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ማታ ማታ ስለ ጣና በኢንተርኔት እጽፋለሁ፤ ከደመወዜ ውጭ ያገኘሁት ገንዘብ ሁሉ የመጣው ያን አንብበው ለሥራ ከሚጠሩኝ ሰዎች ነው። አንዱንም በማመልከቻ አላገኘሁትም። በገዛ እጄ ያበላሸሁት ግን ካገኘሁት ይበልጣል።

መጀመሪያ ያበላሸኝ ስለ ሁሉም ነገር መጻፌ ነው። ኑሮ ውድነት፣ ኳስ፣ ጤና ሳይቀር። ለሥራ የፈለገኝ አልነበረም፤ በምን ሙያዬ ይፈልገኝ? ከዚያ አንድ ቀን ስለ ታንኳ ጻፍኩ። ከደንገል ቄጠማ የሚታሰር ታንኳ ውሃ ይጠጣል። ስለዚህ ባለቤቱ ከሐይቁ ሲመለስ ጎትቶ ያወጣና ፀሐይ ላይ ያቆመዋል፤ ካልደረቀ ይከብዳል፣ ይበሰብሳል። ሦስት ፎቶ፣ ዐሥር መስመር። በሳምንቱ ከአዲስ አበባ ስልክ ተደወለልኝ፤ ዘጋቢ ፊልም የሚሠሩ ሰዎች ከታንኳ ሠሪዎቹ ከነገደ ወይጦ ሰዎች ጋር የሚያገናኛቸው ፈልገው ነው። ጽሑፉን ያሳያቸው በአካል አይቼው የማላውቅ የጎንደር ልጅ ነበር።

ሳያጣሩ መጻፍ ደግሞ ከሁሉም የከፋው ነው። አንድ ጊዜ የጣናን ገዳማት ስዘረዝር ሁሉም ለጎብኚ ክፍት እንደሆኑ አድርጌ ጻፍኩ። ክብራን ገብርኤል ሴት እንደማይገባበት እያወቅሁ፣ በችኮላ። ያን ያመነ አስጎብኚ እንግዶቹን ይዞ ሄደ፤ ሁለት ሴቶች ጀልባ ላይ ቁጭ ብለው ጠበቁ። ሰውየው ዳግመኛ አልደወለልኝም፤ እውነቱን ነው።

ለመልእክት መልስ ማዘግየት፦ ስለ ወፎች የጠየቀኝን ሰው ሦስት ሳምንት አስጠበቅሁት። ሌላ ሰው ይዞ ነበር።

ዋጋ ሳይነጋገሩ መነሳት፦ ይሉኝታ የሚሉት ነገር እኛን ጎዳን። ተመራማሪዎች ላቤዮባርበስ የሚሉት፣ እኛ ነጭ ዓሣ የምንለው፣ በርካታ ዝርያው በክረምት ለመራባት ከሐይቁ ወደ ጉማራና ርብ ወንዞች ሽቅብ ይወጣል። ይህን ጽፌ ስለነበር ጥናት የሚሠሩ ሰዎች ጠሩኝ። ሁለት ቀን ጭቃ ውስጥ ከዓሣ አጥማጆች ጋር ሳገናኛቸው ዋልኩ። ስለ ክፍያ ማን ያንሳ? እነሱም ዝም፣ እኔም ዝም። በመጨረሻ የቀረሶ ዓሣ ጥብስ ጋብዘው፣ አመስግነው ሸኙኝ። ጥብሱ ጥሩ ነበር። አሁን ግን ገና በስልክ ሳለን፣ “የቀን ክፍያዬ ይህን ያህል ነው፤ ጀልባና ምሳ በእናንተ” እላለሁ። እስካሁን በዚህ የተቀየመኝ የለም።

የመጨረሻውን ያስተማረኝ ታንኳውን ፎቶ ያነሳሁበት ሽማግሌ ነው። ፊልሙ ከተሠራ በኋላ ዳር ላይ አገኘሁትና “ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ?” አልኩት።

“ደህና ነኝ ልጄ። በእኔ ታንኳ ስንት አገኘህ?”

መልስ አጣሁ። ፎቶውን ስለጥፍ አላስፈቀድኩትም፤ ሥራው ሲመጣም አልጠራሁትም። ከዚያ ወዲህ የመጣውን ቡድን ወደ እሱ ወሰድኩ። ዋጋውን ራሱ ተናገረ፤ እኔ ከምጠይቀው በላይ።