የአቴንስን ባለጉጉት የብር ሳንቲም እንዴት ይሰሩት ነበር?

ብዙ ሰው የጥንት ሳንቲም ሲያይ ብሩ ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ ተፈስሶ የወጣ ይመስለዋል። ምስሉ ግን የሚወጣው በመዶሻ ነው። የማሳያችሁ የአቴንስን ቴትራድራክም ነው፣ ባለ 4 ድራክማ ሳንቲም ማለት ነው፣ ባንድ በኩል የከተማዋ ሴት አምላክ የአቴና ራስ በሌላው ጉጉት ያለበት፣ ክብደቱ 17.2 ግራም ገደማ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው ክፍለ ዘመን ከግሪክ አልፎ ግብፅና ሶርያ ድረስ የሄደ ገንዘብ ነው።

1. ብሩን ማንጠር

ብሩ የሚመጣው ከአቴንስ ደቡብ ምስራቅ ካለው ላውሪዮን ነው። ጠባቡ ጉድጓድ ውስጥ ገብተው የሚቆፍሩት በአብዛኛው ባሪያዎች ነበሩ፣ ይሄን ሳይጠቅሱ ስለ ሳንቲሙ ውበት ማውራት ልክ አይመስለኝም። ድንጋዩ እርሳስና ብር አንድ ላይ ስለሚይዝ ይፈጫል፣ በውሃ ይታጠባል፣ ይቀልጣል። ከዛ በወናፍ እየተነፋበት በኃይለኛ እሳት ሲቆይ እርሳሱ ይለያል፣ ንፁህ ብር ይቀራል። የእርሳስ ጭስ መርዝ ነው፣ ይሄን ክፍል ማንም ቤቱ እንዳይሞክር።

2. ድቡልቡሉን ማዘጋጀት

ብሩን መዝናችሁ ወፈር ያለ ድቡልቡል አድርጋችሁ ታፈሱታላችሁ። ሚዛን ላይ አትቸኩሉ፣ ገንዘቡ ራሱ ብሩ ስለሆነ ክብደቱ ከጎደለ ምስሉ ምንም ቢያምር ነጋዴ አይቀበለውም። ለነሐስ ዝርዝር ግን አቋራጭ ነበራቸው፣ ክብ ዘንግ አፍስሰው እየቆራረጡ ነበር የሚሰሩት፣ የአቴንስ ገበያ አጠገብ በተቆፈረው ሳንቲም ቤት እንዲህ የተቆረጡ ተገኝተዋል።

3. ማህተሞቹን መቅረጽ

ሁለት ያስፈልጋሉ፣ ከነሐስ ወይም ከብረት። ምስሉ ወደ ውስጥ ተቦርቡሮና ግራ ቀኙ ተገልብጦ ነው የሚቀረጸው፣ ስለዚህ በየመሃሉ ለስላሳ ጭቃ ላይ እየጫናችሁ እዩት። ይሄ የእጅ ጥበብ የሚከበር ነበር፣ ሲሲሊ ውስጥ በሰራኩስ ከተማ ኪሞንና ኤዋይኔቶስ የሚባሉ ቀራጮች ስማቸውን ማህተሙ ላይ ይጽፉ ነበር።

4. መምታት

ዋናው ስራ እዚህ ነው። የአቴናን ራስ የያዘው ማህተም መስፉ ላይ ይተከላል፣ የጉጉቱ በእጅ ይያዛል። ድቡልቡሉን ከሰል ላይ እስኪቀላ አሙቃችሁ በጉጠት አንስታችሁ ታችኛው ላይ ታስቀምጣላችሁ፣ ላይኛውን ታሳርፋላችሁ፣ ከዛ በከባድ መዶሻ ትመታላችሁ። ሲባል ቀላል ነው። ግን ብሩ ከጉጠት እስከ መስፍ ድረስ እየቀዘቀዘ ነው የሚሄደው፣ ከቀዘቀዘ ደግሞ ጠርዙ ይሰነጠቃል፣ ዙሪያቸው የተሰነጠቀ የጥንት ሳንቲሞች ብዙ ናቸው። አንዱ በጉጠት ይያዝ ሌላው ይምታ፣ ለብቻ መስራቱን አልመክርም።

መሃል ላይ ማስቀመጡ ሌላ ጣጣ ነው። ማህተሙ ከብሩ ስለሚሰፋ ትንሽ ፈቀቅ ካለ የምስሉ ጫፍ ይቀራል፣ ለዛ ነው አብዛኛው የአቴና ሳንቲም ላይ የራስ ቁሯ ጉትዬ የማይታየው። አንድ ምት አልበቃ ብሎ ሲደገም ማህተሙ ከተንሸራተተ ደግሞ ጉጉቷ ሁለት ምንቃር ታወጣለች። ስለዚህ መዶሻው ከበድ ይበል፣ ምቱ ቀጥ ብሎ አንድ ጊዜ ይረፍ፣ እኔ በቀላል መዶሻ ደጋግሞ ከመምታት ይሄን እመርጣለሁ።

መዶሻው በቀጥታ የሚያርፍበት ላይኛው ማህተም ቶሎ ያልቃል፣ ታችኛው መስፉ ስለሚደግፈው ይቆያል። ስለዚህ ለአንድ ታችኛ ብዙ ላይኛ አዘጋጁ። የዛሬ ተመራማሪዎችም የትኛው ሳንቲም ቀድሞ እንደተመታ የሚለዩት ማህተሞቹ እንዴት እንደተጣመሩና እንዳረጁ እያዩ ነው። የኛው አክሱምም ከንጉስ እንዱቢስ ጀምሮ በግሪክ ፊደል የተጻፈበት ሳንቲም ሲያወጣ በሁለት ማህተም መሃል እየመታ ነው።

5. መፈተሽ

እንደገና መዝኑ። ውስጡ ነሐስ ሆኖ ከላይ ብር የለበሰ ሀሰተኛ ስለነበረ፣ አቴንስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ375 ወይም በ374 ባወጣችው ህግ ገበያው ውስጥ መርማሪ ይቀመጥ ነበር። መርማሪው ውስጡ ነሐስ ወይም እርሳስ ያለበትን ካገኘ እዛው ይቆርጠዋል፣ ለባለቤቱም አይመለስም፣ የአማልክት እናት ንብረት ሆኖ ለምክር ቤቱ ይገባል።