ለአራስ ልጅ የምትሰጥ የሹራብ ጉሬዛ አሠራር

ጅማ ውስጥ አራስ ለመጠየቅ ሲታሰብ ለእናቲቱ የሚወሰደው ገንፎ፣ ቅቤና ማር አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ ለሕፃኑ ግን አብዛኛው ሰው ከሱቅ ብርድ ልብስ ወይም ሙሉ ልብስ ገዝቶ ይሄዳል። በእጁ የሠራውን አሻንጉሊት ይዞ መሄድ ለሚፈልግ ሰው እኔ ጉሬዛን እመርጥለታለሁ። ጉሬዛ ከከተማው ወጣ ሲሉ በለጠ ጌራ በሚባለው ደን ዛፍ ላይ ተቀምጣ የምትታይ የአካባቢያችን እንስሳ በመሆኗ ልጁ አድጎ እውነተኛዋን ሲያይ ያውቃታል። ከዚህም ሌላ ሁለት ቀለም ብቻ ስለምትፈልግ ለሠሪው ትቀላለች፤ አዲስ የተወለደ ሕፃንም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አጥርቶ የሚያየው ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ያለን ነገር፣ ያውም እንደ ጥቁርና ነጭ ጎልቶ የሚለያይ ቀለም ያለውን ስለሆነ፣ ከሮዝና ከውሃ ሰማያዊ አሻንጉሊት ይልቅ ጉሬዛ ዓይኑን ትስባለች።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት አንድ ነገር መወሰን አለበት። ይህ አሻንጉሊት አፍ ውስጥ ይገባል፤ ይታኘካል፣ ይጎተታል፣ መሬት ይወድቃል፣ ይታጠባል። ስለዚህ የሚያስቅ መልኩ ከተለጠፈበት ቁልፍ፣ ሪባን ወይም ጨሌ ሳይሆን ከራሱ ከቅርጹ መምጣት ይኖርበታል። ከዚህ በታች የምሰጣቸው ምክሮች በሙሉ ከዚህ የሚነሡ ናቸው።

መቼ መጀመር እንደሚገባ ቤተሰቡ ይወስነዋል። ለአቂቃ፣ ማለትም ሙስሊሞች ለሕፃኑ መወለድ ለሚያደርጉት ዝግጅት፣ የሚደርስ ስጦታ ከሆነ ሕፃኑ በተወለደ በ7ኛው ቀን መድረስ ስላለበት ከመውለዷ በፊት መጀመር ግድ ነው። ለክርስትና ከሆነ ግን ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ስለሚነሡ ጊዜ አለ። ማታ ማታ ሁለት ሰዓት ያህል ለሚሠራ ሰው ጉሬዛዋ አሥር ወይም አሥራ ሁለት ምሽት ትፈጃለች።

ክር ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚፈልገው ነገር ነው። መካከለኛ ውፍረት ያለው ጥቁርና ነጭ የሹራብ ክር ከእያንዳንዱ 50 ግራም ያህል ይበቃል። ጸጉራም ክር፣ እጅ ላይ የሚያምረውን ያህል፣ ለሕፃን አይሆንም፤ ጸጉሩ እየተነቀለ አፉ ውስጥ ይቀራል። የአክሪሊክ ክር ርካሽ ነው፣ ቶሎም ይደርቃል፤ ነገር ግን ሙቀት ስለማይችል ካውያ ሊነካው፣ ከሰል አጠገብም ሊቀመጥ አይገባም። የጥጥ ክር ለአፍ ይስማማል፤ ሲታጠብ ግን ውሃ ይዞ ይከብዳል፣ እንደኛ ባለ ዝናብ በማይለየው አገር ደግሞ ለመድረቅ ቀናት ይወስዳል። ሐሙስ ገበያ ወጥቶ ልባሽ ሹራብ ገዝቶ መተርተርም ይቻላል፤ እኔም ብዙ ጊዜ የማደርገው ይህንኑ ነው። ከመግዛትዎ በፊት ግን ሹራቡን ገልብጠው የጎኑን ስፌት ይመልከቱ። ጠርዙ በመቀስ ተቆርጦ በማሽን የተዘመዘመ ከሆነ ሲተረተር በየረድፉ የተቆራረጠ ክር ብቻ ስለሚሰጥ ገንዘብዎን አያባክኑ፤ ጠርዙ ሳይቆረጥ ዳርና ዳሩ የተጋጠመ ከሆነ ግን ከአንድ ጫፍ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ሳይቆረጥ ይወጣል። የተተረተረው ክር እንደ ሽሩባ የተጠማዘዘ ስለሚሆን ጥቅል አድርገው በሳሙና ይጠቡትና ከታች ቀላል ክብደት አንጠልጥለው ያድርቁት፤ ይቃናል።

ጥቁሩን ክር ሳይፈትሹ በፍጹም አይጀምሩ። የመጀመሪያዋ ጉሬዛዬ ሦስት ሳምንት የፈጀችብኝ ነበረች፤ ጨርሼ ባጠብኳት ቀን ግን ጥቁሩ ለቀቀና ነጩ ሁሉ አመድማ ሆኖ ቀረ። ደጋግሜ ባጥባትም ስላልለቀቀ ልሰጣት አልቻልኩም፤ እስከ ዛሬ ቤቴ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ትታያለች። መፈተሹ ቀላል ነው። አንድ ክንድ ያህል ጥቁር ክር ቆርጠው ለብ ባለ የሳሙና ውሃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ይዘፍዝፉትና በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው በእጅዎ አጥብቀው ይጭመቁት። ጨርቁ ላይ ጥላ እንኳ ከታየ ያ ክር ለዚህ ሥራ አይሆንም። በሕፃን ምራቅ የሚርስ ነገር ውሃ ውስጥ ከተዘፈዘፈ አይለይም።

የሹራብ መርፌው 4 ሚሊ ሜትር ይሁን። ለክሩ ከሚመከረው በመጠኑ የሚቀጥን መርፌ መጠቀም ሹራቡን ጠበቅ ያደርገዋል፤ ለልብስ ይህ ጉድለት ሲሆን ለአሻንጉሊት ግን ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም ላላ ያለ ሹራብ በዓይኖቹ፣ ማለትም መርፌው ላይ በሚሠሩት የክር ቀለበቶች፣ መካከል መሙያውን ያሳያል፣ የሕፃን ጣትም ያስገባል። ሁሉንም ረድፍ፣ ከፊትም ከጀርባም፣ በአንድ ዓይነት ቀጥታ አሠራር ብቻ ይሥሩ። እንዲህ ሲሠራ ሁለት ረድፍ አንድ ሸንተረር ስለሚወጣው መቁጠሩም አያስቸግርም። በእኔ እጅ 20 ዓይን 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ 40 ረድፍ ደግሞ 10 ሴንቲ ሜትር ቁመት ይሰጣል። የእርስዎ ጥቂት ቢለይ ጉሬዛዋ ትተልቃለች ወይም ታንሳለች እንጂ አትበላሽም።

ሆድና ጭንቅላት በአንድነት ይሠራሉ። በጥቁር ክር 10 ዓይን መርፌው ላይ ያስገቡ፤ በሚቀጥለው ረድፍ ከእያንዳንዱ ዓይን ሁለት እያወጡ 20 ያድርሱት፣ አንድ ረድፍ እንዲሁ ይሥሩ፣ ከዚያ እንደገና በማባዛት 40 ያድርጉት። ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ 40 ረድፍ ሲሠሩ ሆዱ ያልቃል። ከዚህ በኋላ ወደ ነጭ ክር ተሻግረው 20 ረድፍ፣ እንደገና ወደ ጥቁር ተመልሰው 8 ረድፍ ይሥሩ፤ ነጩ ጉንጭና ጺም፣ የላይኛው ጥቁር ደግሞ ቆቧ ነው። ቀለም ሲቀይሩ ሁልጊዜ የፊቱ ገጽ ወደ እርስዎ ባለበት ረድፍ መጀመሪያ ላይ ይቀይሩ። ይህ ካልሆነ መጋጠሚያው ላይ ጥቁርና ነጩ ነጠብጣብ ሠርቶ ይታያል። ሁለቱ ገጾች ስለሚመሳሰሉ የፊቱን ገጽ በቀይ ክር ቁራጭ ምልክት ማድረግ ይጠቅማል፤ በመጨረሻ ግን ማውጣቱን አይርሱ። ሲጨርሱ ሁለት ሁለት ዓይን እያጣመሩ 20፣ ከዚያም 10 ያድርሱት፣ ክሩን ረዘም አድርገው ይቁረጡና በቀሩት ዓይኖች ሁሉ ውስጥ አሳልፈው ይሳቡት። አናቷ እንደ ከረጢት አፍ ይዘጋል።

እጅና እግር በፍጥነት የሚያልፍ ሥራ ነው፤ 12 ዓይን፣ 32 ረድፍ፣ አራት ጊዜ በጥቁር። እያንዳንዱን በቁመቱ አጥፈው ይስፉት። ጣት መሥራት አያስፈልግም፤ ጉሬዛ በተፈጥሮዋ አውራ ጣቷ ቁራጭ ብቻ ስለሆነ ይህ የእኔ ስንፍና ነው ብሎ የሚወቅሰኝ የለም። ጅራቷ ላይ ግን ቆም ማለት ይገባል፣ የሚያስቀው እርሱ ነውና። በጥቁር 10 ዓይን አስገብተው 30 ረድፍ ይሥሩ፤ በነጭ ሲቀጥሉ በመጀመሪያው ረድፍ ላይ 6 ዓይን በየመካከሉ ጨምረው 16 ያድርጉትና 24 ረድፍ ሠርተው ጫፉን እንደ አናቷ ስበው ይዝጉት። ነጩ ጫፍ በደንብ ሲሞላ ከእግሯ ይበልጥ ይወፍራል፤ እውነተኛዋም ጉሬዛ ጅራቷ ጫፍ ላይ እንዲህ ያለ ነጭ ጎፈሬ አላት። የጅራቱ ርዝመት ከ20 ሴንቲ ሜትር አይለፍ፤ ከዚያ በላይ ሲሆን በሕፃን አንገት ዙሪያ ሊጠመጠም ይችላል። ከትከሻዋ በጎኖቿ የሚወርደውን ነጭ ካባ ብዙ ሰው ቁርጥራጭ ክር አንጠልጥሎ ሊሠራው ይሞክራል። ያምራል፣ ነገር ግን ሕፃን እየነቀለ ይውጠዋል። በምትኩ በነጭ 6 ዓይን አስገብተው 100 ረድፍ የሚሆን መቀነት ይሥሩና ከአንዱ ትከሻ በጎኗ ወርዶ፣ በወገቧ ዞሮ፣ ወደ ሌላው ትከሻ እንዲወጣ አድርገው ሁለቱንም ጠርዝ ይስፉት። አንዱ ጠርዝ ብቻ ከተሰፋ ጣት የሚገባበት ቀዳዳ ይቀራል።

ፊቷ ለብቻው ይሠራል። በጥቁር 6 ዓይን አስገብተው በሁለት ረድፎች ዳርና ዳር አንዳንድ እየጨመሩ 10 ያድርሱት፣ 10 ረድፍ ሠርተው በዚያው መንገድ ወደ 6 ይመልሱትና ይዝጉት፤ ስፋቱ 5፣ ቁመቱ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ እንቁላል መሰል ቁራጭ ይወጣል። ዓይኖቿን ጭንቅላቷ ላይ ሳይሰፋ በፊት በዚህ ቁራጭ ላይ ይጥለፉ፣ ቋጠሮዎቹ ከጀርባ ተደብቀው እንዲቀሩ። በነጭ ክር ስድስት ወይም ሰባት ጊዜ ጎን ለጎን እየወጉ አንዱን ዓይን ይሙሉ፣ ከዚያ በጥቁር ብሌኑን ይጨምሩ። ብሌኑን ከመሃል አያድርጉት። ሁለቱንም ወደ አንድ ጎን፣ በተለይ ወደ ግራና ትንሽ ወደ ላይ፣ ሲያደርጉት ጉሬዛዋ የቤቱን ወሬ እያዳመጠች ያላዳመጠች ለመምሰል የምትሞክር ትመስላለች፤ መሃል ላይ ሲሆን ግን የደነገጠች ብቻ ነው የምትሆነው። አፏ አንድ አጭር የነጭ ክር መስመር ሆኖ አንዱ ጫፉ ከፍ ይበል። የፕላስቲክ ዓይንና ቁልፍ፣ የቱንም ያህል አጥብቀው ቢሰፉት፣ አይጠቀሙ፤ ሹራቡ ሲለጠጥ ክሩ ይላላል፣ የተነቀለ ቁልፍም ሕፃንን ያንቃል።

ለመሙያ የትራስ ፋይበር ይሻላል። ጥጥ ለመንካት ደስ ቢልም በክረምት ሲታጠብ ውስጡ ሳይደርቅ ይከርማል፣ ይቋጠራል፣ ይሸታል። «እንዲንሿሿ ጥቂት ቡና ጨምሪበት» ብለው የሚመክሩኝ ጎረቤት አሉ፤ እንደ ቡና አገር ሰው ሐሳቡ ገብቶኛል፣ ነገር ግን ቡናም ሆነ ባቄላ ሲታጠብ ይሻግታል፣ ስፌቱ ቢከፈት ደግሞ ጉሮሮ ውስጥ ይገባል። ፋይበሩን በጣትዎ በደንብ እያፍታቱ በትንሽ በትንሹ ያስገቡ፤ በአንድ ጊዜ የተጨመረ ትልቅ ድቡልቡል ከላይ ጉብታ ሆኖ ይታያል። አስቀድመው የታችኛውን ጠርዝ ስበው ይዝጉ፣ የጀርባውን ስፌት ከላይ ጀምረው እስከ አንገት ይስፉና ጭንቅላቱን ይሙሉ። የሆዱ ጥቁርና የጉንጩ ነጭ በሚገናኙበት ረድፍ ዙሪያ በመርፌ ክር አሳልፈው ሲስቡት አንገት ይወጣል፤ ክሩን ቋጥረው ጫፉን ወደ ውስጥ ይደብቁት። ቀጥለው ሆዱን ይሙሉ፣ ወደ ፊት ጎላ እንዲል ከፊት በኩል ጨመር ያድርጉና ስፌቱን ይጨርሱ። እጆቹና እግሮቹ ግን እንዲላሉ በግማሽ ይሞሉ፤ ሕፃን የሚጨብጠው ለስላሳውን ነው። እጆቹን፣ እግሮቹን፣ ጅራቱንና ፊቱን በየቦታቸው አድርገው ዙሪያቸውን ሁለት ጊዜ ይስፉ። ከዚያ እያንዳንዱን ይዘው በሙሉ ኃይልዎ ይሳቡ። አሁን እርስዎ እጅ ላይ ቢነቀል ይሻላል።

ልጇን ሆዷ ላይ ያቀፈች ጉሬዛ እንድሠራ የሚጠይቁኝ አሉ። የጉሬዛ ግልገል ሙሉ በሙሉ ነጭ ሆና ስለምትወለድና ከወራት በኋላ ብቻ ስለምትጠቁር በእርግጥ ያምራል። ሆኖም ትንሿ ተነቅላ አፍ ውስጥ ልትገባ ስለምትችል ልጁ 3 ዓመት እስኪያልፈው አልሠራትም።

ከመስጠትዎ በፊት ለብ ባለ ውሃና በሳሙና ይጠቧት፣ ደጋግመው ያለቅልቋት፣ በፎጣ ጠቅልለው ውሃዋን ይጭመቁና አየር በሚዘዋወርበት ጥላ ውስጥ ያድርቋት። በክረምት ሁለት ወይም ሦስት ቀን ይያዙላት፤ ከምድጃ በላይ መስቀል ጭስ ያሲዛታል፣ ነጩንም ያወይበዋል። ለዚሁ ሲባል ቡና ሲቆላና እጣን ሲጨስ ሥራውን በነጠላ መሸፈን ጥሩ ልማድ ነው።

በፌስታል ሳይሆን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው ይውሰዷት። እንደየቤቱ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ወይም «እንኳን አላህ በሰላም ገላገለሽ» ተብሎ፣ ገንፎው ተበልቶ ስጦታው ሲሰጥ፣ ለእናቲቱ አንድ ቃል መንገር ይገባል፤ ሕፃኑ ነቅቶ ሰው አጠገቡ ሳለ ይጫወትባት፣ ሲተኛ ግን 12 ወር እስኪሞላው ድረስ ከመኝታው ትውጣ፣ ለስላሳ ነገር ፊቱ ላይ ቢወድቅ ራሱ ማንሣት አይችልምና። አያቲቱ አጠገብ ካሉ ለእርሳቸውም ይንገሩ፤ ሕፃኑን የሚያስተኙት ብዙ ጊዜ እርሳቸው ናቸው። ከጥቁሩና ከነጩ ጥቂት ክር ጠቅልለው ከጉሬዛዋ ጋር ይስጡ፤ ጥርስ ማውጣት ሲጀምር መጀመሪያ የሚላላው የጅራቱ ስፌት ነው።