በግል ያሳተሙትን መጽሐፍ የሚሸጥ ጽሑፍ፦ ከጀርባ ሽፋን እስከ ቴሌግራም

ማተሚያ ቤቱ ሒሳቡን ተቀብሎ ካርቶኑን ያስረክባል። አከፋፋዩ ኮሚሽኑን ቆርጦ ለመደብሮች ይበትናል። ገዢው መጽሐፉን ለምን እንደሚያነሣው የሚነግረውን ጽሑፍ ግን ከደራሲው በቀር የሚጽፍ የለም። ደራሲውም ብዙ ጊዜ የሚጽፈው ሽፋኑ ነገ ማተሚያ ቤት ሊገባ ዛሬ ሌሊት ነው። ያኔ እጅ የሚገቡት ቃላት ይታወቃሉ፦ «ልብ አንጠልጣይ»፣ «አነጋጋሪ»፣ «ጀምረው የማያቋርጡት»። የቃላቱ ችግር ውሸት መሆናቸው አይደለም፤ መደርደሪያው ላይ ጎን ለጎን ባለው መጽሐፍ ጀርባም መጻፋቸው ነው።

መፈተኛው ቀላል ነው። የጻፉትን ዐረፍተ ነገር አንሥተው በሌላ ሰው መጽሐፍ ጀርባ ላይ ያስቡት። እዚያም ከተስማማ ይሰርዙት።

ልብ ወለድ ከሆነ

የተለመደው አጻጻፍ ይህን ይመስላል፦

«ይህ ልብ አንጠልጣይ ልብ ወለድ ስለ ፍቅር፣ ስለ ስደትና ስለ ክህደት የሚተርክ ሲሆን አንባቢን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ይዞ ይጓዛል።»

ፍቅር፣ ስደት፣ ክህደት ጭብጥ ናቸው። በጭብጥ ተስቦ ኪሱ የሚገባ ገዢ ጥቂት ነው። ያንኑ ታሪክ በሰው፣ በቦታና በችግር እንጻፈው፦

«ከቤይሩት ሰባት ዓመት ሙሉ ብር ላከች። ቤቱ አለቀ ሲሏት ሻንጣዋን ሸክፋ ተመለሰች። ቤቱ እውነትም አለ፤ ቆርቆሮው አዲስ፣ በሩ አረንጓዴ። ካርታው ግን በወንድሟ ስም ነው። የወንድሟ ሠርግ ደግሞ የፊታችን እሑድ ነው።»

ስደትም ክህደትም አልተባለም፤ ሁለቱም አሉ። አረንጓዴው በር ለታሪኩ ምንም ላይጨምር ይችላል፤ አንባቢው ግን ቤቱን ያየው በእሱ ነው። ሠርጉ ጊዜውን አጥብቦ ያስጨንቃል። «ምን ታደርግ ይሆን?» የሚል መዝጊያም የለም፤ ጥያቄው አንባቢው ውስጥ ከተነሣ በኋላ ደግሞ መጠየቅ ማሰልቸት ነው።

ሲጽፉ ሦስት ልክ ይያዙ። ከሁለት በላይ የገጸ ባሕርይ ስም አይጥቀሱ፤ ሦስተኛው ሲመጣ አንባቢው የመጀመሪያውን ይረሳል። ከታሪኩ የመጀመሪያ ሩብ አልፈው አይተርኩ። ከአምስት ወይም ከስድስት ዐረፍተ ነገርም አይለፉ።

ከመጽሐፉ ቅንጫቢ ማተም ከመረጡ፣ ብዙዎች የሚስቱት ፍልስፍና የሚያወራውን ያማረ አንቀጽ መምረጣቸው ላይ ነው። ከየት እንደመጣ ለማያውቅ ሰው ያ አንቀጽ ጭጋግ ነው። ሁለት ሰዎች የሚከራከሩበትን ምልልስ ይምረጡ። ለግጥም መድበል ግን ምንም ማብራሪያ አያስፈልግም፤ አንድ አጭር ግጥም ሙሉውን ያትሙ፣ በቃ።

የሙያ መጽሐፍ ከሆነ

እዚህ የሚሸጠው የገዢው ራስ ምታት ነው። ለምሳሌ የዶሮ እርባታ መጽሐፍ፦

«100 ጫጩት አስገብተው በሳምንቱ 60 ለቀሩዎት። የጫጩት ቤት ሙቀት አጠባበቅ፣ የፈንግል ክትባት መርሐ ግብር፣ የመኖ ወጪ ስሌት በሠንጠረዥ።»

«ሁሉን አቀፍ መመሪያ» ከማለት የምዕራፎቹን ይዘት እንዲህ መዘርዘር ይበልጣል። የማያደርገውን ቃል መግባት ደግሞ አደገኛ ነው። «በ3 ወር ሚሊየነር» ያለ መጽሐፍ አንዴ ይሸጥ ይሆናል፤ ሁለተኛውን መጽሐፍዎን ግን ማንም አይነካውም።

አንተ፣ አንቺ ወይስ እርስዎ?

አማርኛ ሳይመርጡ አያሳልፍም። «እናንተ» ለአብዛኛው መጽሐፍ ይሆናል። «እርስዎ» ለሃይማኖት፣ ለጤናና ለንግድ መጽሐፍ ይስማማል። «አንቺ» ወይም «አንተ» ግማሹን ገዢ በር ላይ ያስቀረዋል፤ ይህን ፈልገው ከሆነ መልካም። ከሁሉ የከፋው ማደባለቁ ነው፤ «ይህን መጽሐፍ ስታነቡ ራስዎን ታገኙታላችሁ» የሚል ጀርባ ያየ አንባቢ ውስጡንም ይጠረጥራል።

የጀርባ ሽፋኑ አቀማመጥ

ለተለመደው መጠን መጽሐፍ ዋናው ጽሑፍ ከ80 እስከ 110 ቃል ይበቃል። የደራሲው ታሪክ ቢበዛ 40 ቃል፤ ከመጽሐፉ ጋር የሚገናኘው ብቻ። የዶሮ መጽሐፍ ጸሐፊ የእንስሳት ሐኪም መሆኑ ይጻፍ፣ ሁለተኛ ደረጃ የተማረበት ትምህርት ቤት ይቅር። ፊደሉ ከ11 ነጥብ አይነስ። በጥቁር መደብ ላይ ቀጭን ነጭ ፊደል አይጠቀሙ፤ ሲታተም ቀለሙ ይደፍነውና ጸ ከጰ አይለይም። ለባርኮዱ 4 በ3 ሳንቲሜትር ያህል ነጭ ቦታ ከታች ይተዉ።

የታዋቂ ሰው አስተያየት ካገኙ ከ20 ቃል አያስበልጡት። «ግሩም ሥራ ነው» ዋጋ የለውም። ረቂቁን ሲሰጡ «የትኛው ቦታ ላይ ቆሙ?» ብለው ይጠይቁ፤ መልሱ ራሱ አስተያየት ይሆናል። የሚታተመውንም መልሰው አሳይተው ፈቃድ ይቀበሉ።

ቴሌግራም

ከፎቶ ሥር የሚገባ ጽሑፍ በተራ አካውንት 1024 ምልክት ነው፤ ክፍት ቦታውም ይቆጠራል። በአማርኛ 180 ቃል ገደማ ማለት ነው፣ ከበቂ በላይ። ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን፦ የመጀመሪያዎቹ ሁለት መስመሮች ታሪኩ ወይም ችግሩ፤ ቀጥሎ ርእስና ደራሲ፤ ከዚያ ገጽ ብዛትና ዋጋ፤ መጨረሻ ላይ የሚገኝበት ቦታ፣ ስልክና የቴሌብር ወይም የባንክ መክፈያ። «በቅርብ ቀን በገበያ ላይ» ብሎ መጀመር መስመር ማባከን ነው። ዋጋ ደብቆ «በውስጥ መስመር ያናግሩን» ማለትም ገዢን ያሸሻል፤ ዋጋ ለመጠየቅ የሚያፍር ሰው ብዙ ነው። ውጭ አገር ላለው አንባቢ በዶላር ስንት እንደሆነና በየከተማው ማን ዘንድ እንደሚገኝ አንድ መስመር ይጨምሩ።

አጻጻፉንም ያስቡበት። ለኮምፒውተር ሀ፣ ሐ እና ኀ ሦስት የተለያዩ ፊደላት ናቸው፤ ሰና ሠ፣ ጸና ፀም እንዲሁ። ርእስዎ «ፀሐይ» የሚል ቃል ካለበት «ጸሀይ» ብሎ የሚፈልግ ሰው ላያገኘው ይችላል። በልጥፉ ግርጌ ሁለተኛውን አጻጻፍና የላቲኑን ያክሉ።

የምርቃት ጥሪ በአጭር መልእክት

በላቲን 160 ምልክት የሚይዘው አንድ መልእክት በግዕዝ ፊደል 70 ብቻ ነው። 71ኛዋ ከገባች ሒሳቡ የሁለት ነው፤ 500 ሰው ሲጠሩ ይሰማል። ይህኛው 52 ነው፤ ለርእሱ 18 ይተርፋል፦

«የመጽሐፌ ምርቃት ቅዳሜ 8 ሰዓት፣ ወመዘክር አዳራሽ። መግቢያ ነፃ። እጠብቃችኋለሁ።»

ለአዟሪው አንድ ትንፋሽ

ብዙ ደራሲ የሚረሳው ይህን ነው። መጽሐፍ ደርድሮ በክንዱ የሚዞረው ልጅና የመደብሩ ሻጭ መጽሐፍዎን አላነበቡትም። ገዢው «ይሄ ስለ ምንድነው?» ሲል «አሪፍ ነው» ይላሉ። ከየጥቅሉ ጋር አንድ ብጣሽ ወረቀት ያስገቡ፦ «ከቤይሩት በላከችው ብር የተሠራውን ቤት ወንድሟ በስሙ ያዞረባት ሴት ታሪክ ነው።» በአንድ ትንፋሽ ካላለቀ አይያዝም፤ ጮክ ብለው አንብበው ይፈትኑት።

የቱ እንደሠራ ማወቅ

በዕይታ ብዛት አይታለሉ። ሁለት ዓይነት መክፈቻ ይጻፉ፤ አንዱን ማክሰኞ፣ ሌላውን በሚቀጥለው ማክሰኞ፣ በተመሳሳይ ሰዓት ይልቀቁ። ከዚያ «የት አገኛለሁ?» ብለው የጻፉትንና የከፈሉትን ይቁጠሩ። ያሸነፈው መክፈቻ ለሁለተኛው እትም የጀርባ ሽፋን ይሆናል፤ ስለዚህ ሽፋኑን የሠራልዎትን ዲዛይነር የሚታረመውን ፋይል ዛሬውኑ ይጠይቁት፤ ፒዲኤፉ ብቻ ከተሰጠዎት በኋላ ማስተካከል እንደ አዲስ ማሠራት ነው።